ልብ የሚያወልቁ ልቦች

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሥራዬ ይበዛል። የኮምፒውተር ፊደላትንና ኢሞጂዎችን ኮድ የሚወስነው ዩኒኮድ አዳዲስ ኢሞጂዎችን የሚያወጣው ባብዛኛው በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እትም 16.0 እንዲያውም ጳጉሜን 5፣ ልክ በዋዜማው ነበር የመጣው። ቤት ውስጥ ዶሮ ይበለታል፣ እኔ የምስላቸውን ኢሞጂዎች ዝርዝር አያለሁ።

የምንከባከበው ፎንት (የፊደላትና የኢሞጂዎች ቅርጽ ስብስብ) ኦፕን ሶርስ፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ነው፤ ኢሞጂዎቹ ቀለም የላቸውም። ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቀለም የማያሳይ የኢ-ኢንክ ማንበቢያ አለ፣ ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር አለ፣ ፕሮግራመሮች ትእዛዝ የሚጽፉበት ተርሚናል አለ። ደግሞ ጽሑፉ ሰማያዊ ከሆነ ኢሞጂውም አብሮ ሰማያዊ ይሆናል።

በ16.0 ከመጡት አንዱ ከዓይኑ ሥር ያባበጠ ፊት ነው። በቀለም ቢሆን ጠቆር ያለ ጥላ ጣል ማድረግ ይበቃል። በመስመር ግን ከዓይኑ ሥር ያለው ቅስት ትንሽ ከጎበጠ፣ እንቅልፍ ያጣው ሰውዬ ሲስቅ ይገኛል። ቅስቱን ዝቅ አደረግኩት፣ ጫፎቹን አቀጠንኩ፣ አሳንሼ አየሁት፣ እንደገና ዝቅ አደረግኩት። አሁን የደከመው ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የመጡት አምስቱ የቆዳ ቀለሞች እኛ ጋ አንድ እጅ ናቸው። አያስፈልጉም ብሎ መተው ግን አይቻልም፤ ከእጁ ጎን አንድ የማይፈለግ ሳጥን ተለጥፎ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንዱ ሥዕል እንዲያመሩ እያንዳንዱን መጻፍ ግድ ነው። ደግነቱ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ ይሠራዋል።

ልቤን የሚያወልቀው ልብ ነው። አበሻ የአድዋ ቀን ሲሆን ወይም ዋልያዎቹ ሲጫወቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ልብ ደርድሮ ይልካል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሰውዬው ስለ አገሩ ሳይሆን ስለ ፍቅረኛው የሚያወራ ይመስላል።

ቀለምን ያለ ቀለም የመለያው ዘዴ የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን የመኳንንትን ዓርማ ያለ ቀለም ሲያትሙ ቀለሙን በጭረት ያመለክቱ ነበር። ቁም ጭረት ቀይ፣ አግድም ሰማያዊ፣ ሰያፍ አረንጓዴ፣ ነጠብጣብ ወርቃማ ማለት ነው። ዩኒኮድም በኮድ ሰንጠረዡ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ልቦችን በዚሁ መንገድ ነው ያሳያቸው። ቀዩ ልብ ግን ከኢሞጂ በፊት የነበረ የኅትመት ምልክት ስለሆነ እዚያ ድፍን ጥቁር ነው። እኔም ድፍን አድርጌ ተውኩት። ታዲያ ጥቁሩ ልብ ምን ይሁን? ዙሪያውን ሌላ መስመር ጨመርኩለትና ተገላገልኩ።

ችግሩ መጠን ነው። በ16 ፒክስል ላይ ቀጫጭን ጭረት ሁሉ ተደባልቆ ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ለአረንጓዴው ሦስት ወፋፍራም ሰያፍ፣ ለቢጫው ጥቂት ትልልቅ ነጥብ። ይሄን አስተካክዬ ሳልጨርስ እ.ኤ.አ. በ2022 ሮዝ፣ ውሃ ሰማያዊና ግራጫ ልብ ተጨመሩ። ጭረት አለቀብኝ! ለውሃ ሰማያዊው የሰማያዊውን አግድም አራርቄ ሰጠሁት። ሮዙን አትጠይቁኝ።

ባንዲራዎቹን ለመሳል አልሞከርኩም። የማሊና የጊኒ ባንዲራ ቀለማቸው ከጠፋ ሁለቱም ሦስት ቋሚ ሰንበር ናቸው። በባንዲራው ቅርጽ ውስጥ የአገሩን ባለሁለት ፊደል ኮድ ጻፍን። «የአገሬን ባንዲራ አጠፋችሁት» የሚል ቅሬታ እስካሁን ይመጣል። ቻድና ሩማኒያ ግን በቀለምም ለመለየት ያስቸግራሉ፤ እነሱ ላይ እኛ እንሻላለን።