ከማይንዝ ካቴድራል እስከ ኦስትሆፈን

ጀርመን አገር፣ ማይንዝ ከተማ ያደርኩበት ሌሊት ክፉ ነበር። ክፍሌ ከአሳንሰሩ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አልጋዬ ሥር የሚያጉረመርም ነገር ያለ ይመስለኛል፤ መስኮቱን ስከፍት ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ጩኸት ይገባል። ጠዋት ሒሳቡ ላይ ያልቀመስኩት ቁርስ 14 ዩሮ ተደምሮ ጠበቀኝ። አልበላሁም ብዬ ብከራከርም የእንግዳ መቀበያው ወጣት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እናቴ ቤት ያልበላ እንግዳ ቅሬታ ነበር እንጂ ገቢ አልነበረም። ከፍያለሁ፤ ንዴቴ ግን እስከ ካቴድራሉ በር ድረስ አልለቀቀኝም።

ከምኖርበት ከፍራንክፈርት በባቡር አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያደርኩት ካቴድራሉን በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛበት ለማየት ነበር። ጀርመናዊቷ ደራሲ አና ዜገርስ «ሰባተኛው መስቀል» በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ ከማጎሪያ ካምፕ ያመለጠውን ጌኦርግ ሃይስለርን አንድ ሌሊት ያሳደረችው እዚህ ነውና።

እኔና ዜገርስ የተዋወቅነው የመኖሪያ ፈቃዴን በምጠብቅበት ዘመን ነው። የጀርመንኛ አስተማሪዬ «ትራንዚት»ን አዋሰችኝ። ታሪኩ ማርሴይ ወደብ ላይ ስለተከማቹ ስደተኞች ነው፤ የመድረሻው አገር ቪዛ ሲገኝ የመሸጋገሪያው ቪዛ ቀን ያልፍበታል፣ እሱን ሲያሳድሱ መርከቡ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ለመቆየት እንኳ ለመሄድ መሰናዳትን ማስረዳት ያስፈልጋል። ዶሴዬን አቅፌ ከመስኮት መስኮት የምመላለሰው ሰው ይህን የሚያውቅልኝ በማግኘቴ አለቀስኩ። እሷም በዚያው ወደብ አልፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከማርሴይ ተሳፍራ ሜክሲኮ ገባች።

ካቴድራሉ ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው። ውስጡ በሰኔም ይበርዳል። በየምሰሶው የቆሙት የሊቀ ጳጳሳት ሐውልቶች ከላይ ወደ ታች ያያሉ፤ ጌኦርግ በመስታወት ስብርባሪ የተቆረጠ እጁን ይዞ ሲያድር እነሱን ነበር የሚያየው። አያቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተማጸነን ሰው ማንም አይነካውም ይሉኝ ነበር። ጌኦርግ ግን የሚማጸነው አላገኘም፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው ያነጋው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የቁርሱ ነገር እዚያ ጠፋልኝ።

ከዚያ የልብ ወለዱ ካምፕ መነሻ የሆነው እውነተኛው ካምፕ ወደነበረበት ወደ ኦስትሆፈን ተሳፈርኩ። በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ በመስኮት የሚታየው የወይን ማሳ ብቻ ነው። ከጣቢያው ወጥቼ በተሳሳተ አቅጣጫ ስሄድ ብስክሌት የሚገፉ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። «መታሰቢያውን ነው?» አሉኝ። ከዚያም ከመንገዳቸው ተመልሰው እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ። ልጅ ሳሉ ስለዚህ ቦታ ቤታቸው ውስጥ አይወራም እንደነበር ነገሩኝና ሊሰናበቱኝ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ግቢው የቀድሞ የወረቀት ፋብሪካ ነው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር፣ በመጋቢት 1933፣ ካምፕ አደረጉት፤ በ1934 ተዘጋ። ይሁዲና ኮሚኒስት የነበረችው ዜገርስ ያኔ ፓሪስ ተሰዳ ስለነበር የሰማችውን ይዛ ነው «ቬስትሆፈን» የሚባል ካምፕ የፈጠረችው። በልብ ወለዱ ሰባት እስረኞች ያመልጣሉ፤ አዛዡ በሰባት ዛፎች ላይ አግዳሚ እንጨት አስመትቶ መስቀል ያደርጋቸዋል። ለጌኦርግ የተዘጋጀው ሰባተኛው ባዶ ይቀራል። ባዶ ያስቀሩት ደግሞ ጀግኖች አይደሉም፤ እጁን ያከመው ይሁዲ ሐኪም፣ የልጅነት ጓደኛው የፋብሪካ ሠራተኛው ፓውል ሮደር፣ ሌሎችም እንደነሱ ያሉ ሰዎች ናቸው። ይህን መጽሐፍ የምወደው ለዚህ ነው። እኔንም ያሻገሩኝ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

መግቢያው በነጻ ነው። አዳራሹ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ጫማ ሲረግጠው የሚያስተጋባ ነው። የተማሪዎች ቡድን መሬት ላይ ተቀምጦ አስጎብኚውን ያዳምጥ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ዓለም በቃኝ ትዝ አለኝ። ያ እስር ቤት ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ አዳራሽ ቆሞበታል፤ የእኛ ተማሪዎች ወለሉ ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡበት ክፍል የለም። እዚህ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ላልሞላ ካምፕ ግድግዳው ሳይነካ ተጠብቆለታል። ቀናሁ፤ በጣም ቀናሁ።

ማታ ወደ ማይንዝ ተመልሼ ካይዘርሽትራሰ በተባለው ጎዳና፣ በዛፎቹ ሥር በእግሬ ሄድኩ። ዜገርስ ኔቲ ራይሊንግ ተብላ በ1900 የተወለደችው በዚህች ከተማ ነው። አባቷ የጥንታዊ ቅርስ ነጋዴ ነበሩ፤ በ1940 ሞቱ። እናቷን ከሜክሲኮ ሆና ለማስወጣት ያደረገችው ሙከራ አልተሳካም፤ በ1942 ወደ ፖላንድ፣ ፒያስኪ ወደተባለ ቦታ ተጋዙ፣ አልተመለሱም። «ሰባተኛው መስቀል» ታትሞ ስሟ ዓለምን የዞረው በዚያው ዓመት ነው።

በ1943 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ መኪና ገጭቷት ለሞት ተቃርባ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሟች የትምህርት ቤት ጓደኞቿ አንድ አጭር ታሪክ ጻፈች። በታሪኩ መጨረሻ ተራኪዋ ከሽርሽር ወደ ማይንዝ ትመለሳለች፤ እናቷ ሰገነት ላይ ቆመው ሲጠብቋት ታያለች፤ ደረጃውን ግን መውጣት ያቅታታል።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሁለት ሰዓቱ ባቡር አመለጠኝ፤ በሚቀጥለው ተሳፈርኩ።