ከአቅም በላይ

ለቢሮአችን አከራይ የሄደውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ነኝ። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ያስገባው ግን ሥራ አስኪያጃችን ነው። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ለቢሮ ተከራይተን ነበር። ውሉ የ2 ዓመት፣ ኪራዩ በወር 25 ሺህ፣ ክፍያው በየ6 ወሩ በቅድሚያ። 13ኛው ወር ሲጋመስ ፕሮጀክቱ ታጠፈ። «በ14ኛው ወር መጨረሻ አስረክቡ፣ ቀሪውን ክፍያ አስመልሱ» የሚል ትእዛዝ ከአዲስ አበባ መጣ። ቀሪው የ4 ወር ነው፤ 100 ሺህ ብር።

ውሉን ከፋይል አውጥቼ አየሁት። ስለ ግድግዳ ቀለም አለ። ስለ ውሃ ቆጣሪ አለ። የማንጎው ዛፍ እንዳይቆረጥ እንኳ ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር አለው። ቀድመን ብንለቅስ? ምንም። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከድሮ ውል ገልብጬ። ሥራ አስኪያጃችን የፈረመው ደጅ ላይ ቆሞ ነው። የመኪናው ሞተር አልጠፋም ነበር።

እሱ አሁንም አልተጨነቀም። «አዲስ አዋጅ ወጥቶ የለም እንዴ? ተከራይ መብት አለው!» አለኝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ማለቱ ነው። አዋጁ እኮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ከዘበኛው በቀር የሚያድር ሰው የለም።

ፍርድ ቤት አካባቢ የሚሠራ አንድ ጠበቃ ወዳጅ አለኝ፤ ቡና ጋበዝኩትና ነገርኩት። የናንተ ጉዳይ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ነው አለኝ። ቁጥር 1731ን ጠቀሰ፤ በሚገባ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ከዚያ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ውሉ ውስጥ መውጫ አለ? የለም። ቤቱ ለሥራ የማይሆን ጉድለት አለበት? የለበትም፤ ጣሪያው ከኔ ቤት ይሻላል። እንግዲያ የቀረሽ አከራይዋን ማስማማት ነው፤ ባይሆን በናንተ ቦታ የሚገባ ሰው ማምጣት፣ እሱንም በእሳቸው ፈቃድ። «ጥላችሁ ብትወጡስ?» ሲለኝ ተስፋ አደረግኩ። «ኪራዩ ይቆጥራል» ብሎ ቡናውን ጨለጠ።

አከራይዋ ዓባይ ማዶ ነው የሚኖሩት። እትዬ ነው የምንላቸው። ጠላ ሸጠው የሠሩት ቤት ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎው ቀርቦ፣ የልጆቻቸው ወሬ ካለቀ በኋላ ደብዳቤውን አወጣሁ።

«እስኪ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን የት እንደጣልኩት እንጃ።»

አነበብኩ። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። እሱን ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ጣና ሞልቶ ገባባችሁ?»

«አይ፣ እትዬ።»

«ቤቱ ተቃጠለ?»

«ኧረ እግዜር አያድርገው!»

«መንግሥት ውጡ አላችሁ?»

«አላለንም።»

«እንግዲያ ያለፈው የማን አቅም ነው፣ ልጄ?»

ስኒዬን አየሁ። ስኒው ውስጥ መልስ የለም። «የአለቆቻችን» አልኩ።

ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ከነጠላቸው ስር መነጽራቸውን አወጡና ደብዳቤውን ራሳቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ያኔ ላቤ መጣ። በኋላ ለጠበቃው ስነግረው «ቁጥር 1792ን እኮ ነው የጠየቁሽ» አለኝ። ከአቅም በላይ የሚባለው አስቀድሞ የማይታሰብና ግዴታህን ጭራሽ እንዳትፈጽም የሚያደርግህ ነገር ነው። አለቃ ሐሳቡን ሲቀይር እዚያ ውስጥ አይገባም።

እትዬ ግን በሩን አልዘጉብኝም። «ገንዘቡን ሸሽጌ አልተቀመጥኩም፣ የኋላውን ክፍል ቆርቆሮ አልብሼበታለሁ። ሰው አምጪና እንነጋገራለን። ሰው ስልሽ ግን ሰው።»

በዚህ ዓይነት የሒሳብ ሠራተኛዋ ለ3 ሳምንት ደላላ ሆነች። የመጀመሪያው ሰውዬ ፔንሲዮን ሊከፍት ፈለገ፤ ገና ከበሩ ሳይገባ ማንጎው ይቆረጥ አለ። ሁለተኛው ሲሚንቶ ሊያከማች ነው። «ቤቴ መጋዘን ነው?» ተባለ። በመጨረሻ ባልና ሚስት የጥርስ ሐኪሞች መጡ። እትዬ ስለ ገንዘብ አንድም ነገር አልጠየቋቸውም፤ የሚስትየዋ እናት የየት አገር ሰው እንደሆኑ ብቻ ጠየቁ። መልሱ ደስ ሳያሰኛቸው አልቀረም። በ28 ሺህ ተስማሙ። ሐኪሞቹን ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፣ መንጋጋዬን ልታይ ሄጄ። ኮሚሽኑን ከሁለት ወገን የበላው ግን እውነተኛው ደላላ ነው፤ በሩን ሲከፍትላቸው ነበርና።

እትዬ የ3 ወሩን መለሱ፤ 75 ሺህ። የአንዱን ወር «ለልቤ ድካም» ብለው አስቀሩ። ልከራከር አልቻልኩም፤ ልባቸውን ያደከምኩት እኔ ነኝ። የመብራትና የውሃ ሒሳብ ዘጋን፣ ቁልፍ ተረካከብን፣ ውሉ በስምምነት መፍረሱን በወረቀት አሰፈርን። እትዬ እያንዳንዱን መስመር ካነበቡ በኋላ ነው የፈረሙት። መነጽሩ አልጠፋም።

ለአዲስ አበባ የሄደው ሪፖርት «በሥራ አስኪያጁ በተደረገ ጠንካራ ሕጋዊ ድርድር» ይላል። ይህቺን እንኳ ሁለት ጊዜ አንብቦ ነው የፈረማት።

ከሠራተኛው ሦስት ቀርተን ነበርና ጊዮርጊስ አካባቢ ሁለት ክፍል አገኘን። ያሁኑን ውል ከማንም አልገለበጥኩም። ተራ ቁጥር 11፦ ተከራይ በ2 ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ስጽፈው የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

አዲሱ አከራይ አነበበና «እኔስ?» አለ። እውነቱን ነው። «ማንኛውም ወገን» ብዬ አስተካከልኩት።

ሥራ አስኪያጃችን ሊፈርም መጣ። በጣቴ አሳየሁት።

«ማለት፣ እሱም በ2 ወር ሊያስወጣን ይችላል?»

«አዎ።»

«ሰርዢው!»

ሰረዝኩት። እሱም ቆሞ ፈረመ። ደጅ ላይ የመኪናው ሞተር ይሰማ ነበር።