ካሜራው ከመቅጣቱ በፊት ቢጫው ይለካ

ቀይ መብራት ጥሶ የሚያልፍ ሾፌር ሰው ይገድላል፤ መቀጣቱን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ካሜራ ተክሎ መቅጣት ሲነሳ አንድ ጥያቄ ሁሌም መዘለሉ ነው፦ በዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቢጫው ስንት ሰከንድ ይበራል?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ቢጫውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ ሳያንገላታ ለመቆም 32 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 46 ሜትር፣ ያውም በሜዳና በደረቅ አስፋልት። ቢጫው 3 ሰከንድ ብቻ ከሆነ ግን በዚያ ጊዜ የሚደርሰው 42 ሜትር ነው። ስለዚህ ከማቆሚያው መስመር 44 ሜትር ላይ ሳለ ቢጫ የበራበት ሾፌር በወጉ መቆምም፣ ሳይቀላበት መስመሩን ማለፍም አይችልም። ለዚህ ፍጥነት ሜዳ ላይ የሚበቃው 3.3 ሰከንድ ነው።

አሁን የአዲስ አበባውን ቸርችል ጎዳና አስቡት። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲወረድ መኪናው በራሱ ክብደት ይገፋል። ቁልቁለቱ 6 በመቶ በሆነበት ቦታ ሁሉ መቆሚያው ርቀት ወደ 54 ሜትር፣ የሚያስፈልገው ቢጫም ወደ 3.9 ሰከንድ ያድጋል። ለሜዳም ለቁልቁለትም አንድ ዓይነት 3 ሰከንድ ከተሞላ መቆምም ማለፍም የማይቻልበት 12 ሜትር የሚያህል ወጥመድ ይፈጠራል፤ ሁለት ሚኒባስ ተከታትሎ የሚይዘው ቦታ ማለት ነው። ቆመው የሚሄዱ ሰዎች የጫነ አውቶቡስ ሲሆን፣ ክረምት ላይ ደግሞ አስፋልቱ ሲረጥብ፣ ይሄ ሁሉ ይብሳል።

የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ካሜራ በተተከለባቸው መስቀለኛ መንገዶች በጎን መጋጨት 25 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ከኋላ መጋጨት ግን 15 በመቶ ገደማ ጨምሯል። በጎን የሚመጣው ግጭት ይበልጥ ስለሚገድል ጥቅም የለውም አይባልም። ሆኖም ታክሲው ከፊቱ ካለው ተለጥፎ በሚነዳበት ከተማችን፣ ቅጣት ፈርቶ ድንገት ፍሬን የሚይዝ ሾፌር ከኋላው የሚከተለውን መገመት አያቅትም። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ቢጫው ከ3 ሰከንድ በታች፣ 2.9 በሆነበት የተጻፈ 77,000 ያህል ቅጣት እንዳለ የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ አድርጓል። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ናት!

እኛ ጋ ሌላም አለ። ትራፊክ ፖሊስ በእጁ «እለፍ» ካለ መብራቱ ቀይ ቢሆንም መታለፍ አለበት፤ ታርጋ የሚያነበው ካሜራ ግን ያንን እጅ አያይም። ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ በአረንጓዴ ገብቶ መሃል ላይ በመጨናነቅ የተያዘም ሳያጠፋ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፦ አንዱ መብራቱ ቀልቶ የፊት ጎማው ገና ከመስመሩ በፊት ሳለ፣ ሌላው መሃል ገብቶ። የመጀመሪያው ከሌለ ክሱ መውደቅ አለበት። ፎቶው ላይ ቢጫው የበራበት ርዝማኔና ከቀላ በኋላ ያለፈው ጊዜ መታተም አለበት። ታርጋው ደግሞ የሚያሳየው ባለንብረቱን እንጂ መሪውን የያዘውን አይደለም፤ ታክሲውን ለሾፌር የሰጠ ሰው ማን ይነዳ እንደነበር የሚያሳውቅበት መንገድ ካልተበጀ ጥፋተኛው ሳይነካ ይቀራል።

ቢጫውን ማንም ሊለካው ይችላል። እግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ መብራቱን በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ከዚያ ቢጫው ከበራበት እስከቀላበት ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ መቁጠር ነው። በሰከንድ 30 ምስል በሚቀርጽ ስልክ 99 ምስል 3.3 ሰከንድ ይሆናል። ለቢጫው የተሞላው ሰከንድ በጠዋትና በማታ ሊለያይ ስለሚችል በሁለቱም ሰዓት ደጋግሞ መቅረጽ ያስፈልጋል። እግረ መንገድም የማቆሚያው መስመር ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ነው፤ ሾፌሩ የማያየውን መስመር ካሜራው እንደ ድንበር ሊቆጥረው አይገባም።