የወጨጫ ውሎና የቡድን ጉዞ ምርጫ

ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደሚገኘው የወጨጫ ተራራ ከአንድ የእግር ጉዞ ቡድን ጋር ወጥተን ተመለስን። ብዙዎቻችን ለእንዲህ ያለው ጉዞ ስንመዘገብ ዋጋውንና የመነሻውን ሰዓት እንጠይቃለን፤ የመንገዱን ርዝመትና የዳገቱን መጠን ግን እንዘነጋለን። በመናገሻ ሱባ ደን ጥድና ዝግባ ጥላ ሥር መራመድ ለማንም ደስ ያሰኛል፤ ከደኑ በላይ፣ አስታ የተባለው ቁጥቋጦ ወደበዛበትና 3,391 ሜትር ከፍታ ወዳለው ጫፍ መውጣት ግን ለጀማሪ ከባድ ነው።

ከመካከላችን ከዚህ ቀደም ዳገት ወጥታ የማታውቅ አንዲት እህት ነበረች። መሪያችን ገና ከመነሻው እያንዳንዳችንን ልምዳችንን ጠይቆ በሁለት ስለከፈለን፣ እርሷ በደኑ ውስጥ ከሚቆየው ቡድን ጋር ረዳት መሪ ተመድቦላት ያለ ጥድፊያ ስትራመድ ዋለች። ከልብ ያከበርኩት ይህን አሠራር ነው፤ ምክንያቱም በአንድነት የወጣ ቡድን መራመድ ያለበት በደካማው አባል ፍጥነት ሲሆን፣ የአቅም ልዩነቱ ሲሰፋ አንዱ ከአቅሙ በላይ ይጣደፋል፣ ሌላው ቆሞ ሲጠብቅ ብርድ ይመታዋል።

ጀማሪ የሆናችሁ ወዳጆቼ በእንጦጦ ብትጀምሩ እመርጣለሁ፤ ሲደክማችሁ ወደ ከተማ መመለሻው ቅርብ ነውና። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን ደግሞ ሰውነት አየሩን እንዲለምድ በየደረጃው ማደርን ስለሚጠይቅ፣ ቀኑን ያሳጠረ ርካሽ ፕሮግራም አያጓጓችሁ። የዛሬዎቹ አስተባባሪዎች ለቀጣዩ የየረር ጉዞ ርዝመቱንና የሚወጣውን ከፍታ በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፉ ጠይቄያቸው ተስማምተዋል።