ሰሜን ሸዋ በሳይክል፦ የበጋው ጉዞ ዕቅድና የማርሽ ጣጣዬ

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ያለውን ዳገት በቀደም ከኮርቻዬ ሳልወርድ ጨረስኩት። ፍጥነቱን አትጠይቁኝ፤ እንጨት የጫነች አህያ ለጥቂት ነው ያልቀደመችኝ። ቢሆንም ወጥቼዋለሁ። ስለዚህ እስካሁን ወረቀት ላይ ብቻ የነበረው የበጋ ጉዞ ቀን ሊቆረጥለት ነው።

ዕቅዱ ባጭሩ እንዲህ ነው። መነሻ ደብረ ብርሃን። መጀመሪያ ወደ አንኮበር፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል። እዚያ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ በእግር ወጥቶ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ማየት፣ አድሮ መመለስ። ቀጥሎ በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ፣ መሀል ሜዳና ጓሳ። ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት አይቀርም፤ ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ በጣርማበሩ የመኪና ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ጓሳ ከ3,200 በላይ ነው። ሮቢት 1,280 አካባቢ ትወርዳለች። ሮቢትን መጨረሻ ያደረግኳት ሆን ብዬ ነው፤ ያን ሁሉ ብርድ ከጠጣሁ በኋላ ሙቀት ውስጥ መውረድ ያምረኛል።

አስፋልቱ የት አልቆ ጠጠሩ የት እንደሚጀምር ስልክ ላይ ያለ ካርታ አያሳምነኝም። መንገዱ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የመንዝ መስመር ሾፌሮችን መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል፤ ስለ አገር ሰላሙም እግረ መንገድ ይነግሯችኋል።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር አትንዱት። ሳይክሉን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኑ። በሲኖትራክ ጭስ ታጥኖ መምጣት ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አይመስለኝም።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ምርጥ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ግን ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት መነሳት ጣትን መቅጣት ነው። ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከፍታው ላይ ብርድ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ እንዳይመስላችሁ። ከየካቲት ወዲያ በልግ ሊመጣ ይችላል። በዝናብ ወደ እነዋሪና ጅሩ ሜዳ በሳይክል መግባትን እርሱት። የዚያ አገር መረሬ፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጎማና ሹካ መሀል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን ቀጥ ያደርገዋል። ከዚያ ሳይክሉ እናንተን መሸከሙ ይቀርና እናንተ ትሸከሙታላችሁ።

አሁን ወደ ማርሹ ልምጣ።

ሳይክሌ ቀጭን ጎማ የነበረው የአስፋልት ሳይክል ነው። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 25 ጥርስ ነበረው። ሂሳቡ ቀላል ነው። 39ን ለ25 ስታካፍሉት 1.56 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ የሚዞረው ይህን ያህል ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ 3.3 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጡ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ጣርማበር ዳገት ላይ 12 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! እኔ አልችልም። ስለዚህ አረጋገጤ ወደ 35 ይወርዳል፣ ሸክሙ ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል፣ ማታ ደረጃ መውረድ ያቅተኛል። እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ሳንባም የራሱን ቅሬታ ያቀርባል።

ሳይክል የሚሠራልኝ ሰው መፍትሔው አንድ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እኛ ድሮ ማርሽ በሌለው ነበር የምንወጣው። ጉልበትህን አጠንክር!» «ጋሼ፣ እናንተ ዳገቱ ላይ ወርዳችሁ ትገፉ አልነበር?» አልኩት። ሳቀ፣ ግን አልካደም።

ይህ «ጉልበት ካለህ ማርሽ ምን ያደርጋል» የሚባል ነገር ስንቱን ሰው ሳይክል እንዳስጠላው! ቀላል ማርሽ የደካማ አይደለም። ዳገት ላይ ለሰዓታት ተቀምጦ መርገጥ የሚቻለው በእሱ ነው።

የፊቱን ጥርስ ማሳነስ ፈለግኩ። የእኔ ዓይነቱ የድሮ ክራንክ (ፔዳሉና የፊቱ ጥርስ የሚታሰሩበት) ከ38 በታች አይቀበልም። ስለዚህ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ፈለግኩና መርካቶ ያገለገለ ተገኘ። እሱን ለማሰር ደግሞ ሰንሰለቱን ከጥርስ ጥርስ የሚያሻግረው የማርሽ ቀያሪ ክንዱ አጭር ሆነ፤ ረጅም ክንድ ያለው ሌላ ቀያሪ ተገዛ። ጥርሱ ስለተለቀ ሰንሰለቱም አጠረ፤ አዲስ ሰንሰለት ተጨመረ። አንዱ ሌላውን እየጠራ ኪሴ ባዶ ሆነ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ዳገቱ ላይ ደህና፣ ሜዳው ላይ ግን ጠንከር ስል ሰንሰለቱ ይዘላል። ቀያሪውን አጠበቅን፣ አላላን፣ ገመዱን ለወጥን። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ስናይ ነገሩ ገባን። ትልቁ 34 ብዙ ስላልተነዳበት አዲስ ይመስላል። መሀል ያሉት ግን ጫፋቸው ሾሎ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። አዲስ ሰንሰለት ባለቀ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። የኋላ ጥርስና ሰንሰለት አንድ ላይ አዲስ መግዛት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ያገለገለ የግድ ከሆነ የመሀሎቹን ጥርሶች በደንብ እዩ፤ ሻጩ የሚያሳያችሁ ትልቁን ነው።

ሰንሰለት ማለቁን በሜትር መለካት ይቻላል። ከአንዱ የሰንሰለት ፒን ተነስታችሁ 24 ፒን ወደፊት ቁጠሩ፤ አዲስ ከሆነ ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ 30.65 ከተጠጋ ቀይሩት። 30.8 ከደረሰ ጥርሱንም ይዞት ሄዷል።

አሁን 39 በ34 ነኝ። በዚያው 60 ርግጫ 8.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። በቀደም ያወጣኝ ይኸው ነው፤ ያውም ያለ ጓዝ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጎማ 38 ሚሊ ሜትር፣ ለአስፋልቱም ለጠጠሩም። የሚገባ መሆኑን ሹካውን ለክታችሁ እወቁ፤ ብዙ የአስፋልት ሳይክል አያስገባም፣ የእኔ በፀጉር ስንጥቅ ነው ያለፈው። የካላማዳሪያችሁ አፍ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ጎሚስታ ቤት ያለው መንፊያ አይገጥምም። ትንሿን ማገናኛ ኪሳችሁ ያዙ። ለዋሻው የፊትና የኋላ መብራት ግዴታ ነው። ጣሊያን የሠራው ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከባድ መኪና አብሯችሁ ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትንቀራፈፉ፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ነው። ፍሬናችሁ የጎማውን ቀለበት የሚይዝ ከሆነ ቀለበቱ ግሎ ካላማዳሪ ያፈነዳል። እውነቱን ለመናገር ቁልቁለት ከዳገት በላይ ያስፈራኛል።

ስንቅ በሶ ነው። በውኃ በጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ መያዝ። ጉዞው በነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል የምጾመው ሰውዬም አልቸገርም።

ከሮቢት ስመለስ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ነው የምጭነው። ያን ሁሉ ሽቅብ በሙቀት እነዳለሁ ብዬ አልዋሽም። መንዝን ግን ጓዝ ጭኜ በ39 ጥርስ አልደፍረውም። ከፊት 34 ጥርስ የሚቀበል ክራንክ ቤቱ የተቀመጠለት ሰው ካለ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ 170 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ዋጋውን እንነጋገራለን።