አቮካዶ ማዳቀልን በቡድን ሳስተምር

ለሦስተኛ ዓመት የሆርቲካልቸር ተማሪዎች የችግኝ ማፍላት ኮርስ መስጠት ስጀምር ቡድን ያዋቀርኩት ሁላችንም በምናውቀው መንገድ ነበር፤ አንድ ለአምስት። ውጤቱም ያው የታወቀው ሆነ። መሪው ሌሊቱን ሪፖርት ይጽፋል፣ ሽፋኑ ላይ የስድስቱም ስም ይሰፍራል፣ ማርኩ ለሁሉም እኩል ይሰጣል።

ያነቃኝ የግራፍቲንግ፣ ማለትም የአንዱን ተክል ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የማዳቀል፣ ሳምንት ነው። ለየቡድኑ ስድስት የአቮካዶ ችግኝ ሰጠሁ። አንዱ አፈር አመጣ፣ አንዱ ቆረጠ፣ ሌላው ፕላስቲክ ጠቀለለ። ከ48 ችግኝ 13 ብቻ ጸደቀ። እጅ ያልለመደው ሥራ ስለሆነ እሱ ብዙም አልገረመኝም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ፕላስቲክ ከጠቀለሉት አንዱን «ሳየኑ (ከላይ የሚዳቀለው ቅርንጫፍ) ለምን ደረቀ?» ብለው «ቲቸር፣ እኔ እኮ አልቆረጥኩትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሥራውን ሳከፋፍል ትምህርቱንም አብሬ ቆራርጬዋለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ጂግሶው የሚባለውን ዘዴ ሞከርኩ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ክፍል ሲገቡ የተፈጠረውን ውጥረት ለማርገብ የጀመረው ነው። እኛ ጋ ስድስት ርዕስ ወጣ፦ የአፈር ድብልቅ፣ ሩትስቶክ (ሳየኑ የሚዳቀልበት ባለ ሥር ችግኝ)፣ የሳየን መረጣ፣ አቆራረጥ፣ አጠቃለል፣ እንክብካቤ። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ወጥቶ የአንድ ርዕስ ስምንት ሰዎች አብረው ያጠናሉ፤ ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ።

አቆራረጥ የደረሳቸውን ለችግኝ ጣቢያው አንጋፋ ሠራተኛ አስረከብኳቸው። ጋሼ ክፍል ገብተው አያውቁም፤ ቢላዋውን ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እኔ በስላይድ ካምቢየም (ከልጣጩ ሥር ያለው የሚያድግ ስስ ሽፋን) ከካምቢየም ይግጠም እያልኩ ዓመት ፈጅቻለሁ። እሳቸው ሩትስቶኩን መሐሉን ሰነጠቁ፣ ሳየኑን እንደ ሽብልቅ ጠረቡ፣ «ከቀጠነ መሐል ላይ አታስቀምጡት፣ ወደ አንድ ጎን አስጠጉት፤ ልጣጭ ከልጣጭ ይገናኝ» አሏቸው። አለቀ።

ቋንቋም ነበረ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ ተነጋገሩ ብዬ ነበር፤ ዝም አሉ። ስተወው በአማርኛም በኦሮምኛም መከራከር ጀመሩ። ሁሌ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ሩትስቶክን «ተሸካሚው» ብላ አስረዳች፤ ከዚያ ወዲህ እኔም እንደሷ ነው የምለው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ዕጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በፈተናው ቀን ከየቡድኑ ስም አወጣለሁ። የወጣለት ሰው ከመቁረጥ እስከ መጠቅለል ብቻውን ይሠራል፤ ከማርኩ ግማሹ የቡድኑ ነው፣ ግማሹን እያንዳንዱ በግሉ ያመጣል። ጎበዞቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ከሰሰኝ። ግን ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያው ልጅ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ጓደኞቹን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያለማምድ ነበር አሉ። ቢላዋውን ለወንዶቹ መተውም በዚያው ቀረ፤ ዕጣው ለማን እንደሚወጣ አይታወቅማ።

በዚያ ዓመት ከ48ቱ 31 ጸደቀ። የረሳሁት የሴሚስተር ዕረፍቱን ነው። እንክብካቤን ያጠኑት ስምንቱ ከተሸካሚው ላይ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ መቀንጠስ እንደሚገባ አሳምረው አስተምረዋል፤ ግን ሁሉም አገሩ ሲገባ ማን ያጠጣል የሚለውን አንዳችንም አላነሳነውም። ጋሼ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር እየመጡ አጠጡ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ልጠይቅላቸው ብሄድ ቅጹ ላይ ለሳቸው ሥራ የሚሆን ሳጥን የለም።