አማካዩ 21 ነው

ባሕር ዳር ለአንድ የሶፍትዌር ቡድን ስክራም ማስተር ነኝ፤ ስክራም የሚባለውን የሥራ አካሄድ ቡድኑ እንዲከተል የማግዝ ማለት ነው። ቤተሰብ ፍኖተ ሰላም ነው። በየሁለት ሳምንቱ ስፕሪንት፣ ማለትም መጀመሪያና መጨረሻው የተቆረጠ የሥራ ዙር፣ እናቅዳለን፤ ለየሥራው እንደ ክብደቱ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያልን ነጥብ እንሰጣለን። ታዲያ ኅዳር 12 ቤታችን የሚካኤል ማኅበር አለ፣ ስፕሪንቱ ደግሞ 11 ያልቃል። እማዬ ስትደውል «12 ጠዋት እዚያ ነኝ» አልኳት።

«በምን አወቅህ?»

አስረዳኋት። ያለፉት ሦስት ስፕሪንቶች 34፣ 8 እና 21 ነጥብ ጨርሰናል። አማካዩ 21 ነው፣ አሁንም የያዝነው 21 ነው። ጥንቅቅ ያለ ሂሳብ!

ትንሽ ዝም አለች። «ልጀ፣ አንድ ቀን ጋን ሞልታ አንድ ቀን ጠብ የማትል ላም ይዘህ እንግዳ ትጠራለህ?»

ሳቅኩባት። (አይ እኔ!)

በአራተኛው ቀን ደንበኛው «ትንሽ ነገር» ይዞ መጣ። ትንሿ ነገር ስትመዘን 13 ነጥብ ሆነች። ይሉኝታ ይዞኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ከያዝነው ግን ምንም አልቀነስንም። ጠዋት ጠዋት የ15 ደቂቃ ስብሰባችን ላይ ደግሞ አንዱ ልጅ ስድስት ቀን ሙሉ «90 በመቶ ደርሷል» ይላል። ሥራው የተጻፈባት ቢጫ ወረቀት ቦርዱ ላይ «በሥራ ላይ» ከሚለው አምድ ሳትነቃነቅ ጫፏ መጠቅለል ጀመረ። 11 ላይ ስንደምር ያለቀው 8 ነጥብ።

ስፕሪንት አይራዘምም። ቀኑ ሲደርስ ይዘጋል፣ ያላለቀው ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ይህን ለሰው ሁሉ ስሰብክ የኖርኩት እኔ ደንበኛውን ፈርቼ «ሁለት ቀን ብቻ» ብዬ አራዘምኩት፣ ለእማዬም ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት።

«ማኅበሩ አይጠብቅህም። አንዲት ዶሮ ግን እስከ 14 አቆይልሃለሁ። 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እሱ አይራዘምም።»

ሁለቱ ቀን አራት ሆነ። 15 ከቀትር በኋላ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስገባ አባዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። አይቶኝ እንዳላየ ሆነ። ሞሶቡን ከፈትኩ። ሽሮ።

«ዶሮዋስ?»

«ትናንት ማታ ተዘጋች» አለች እማዬ፣ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። «ያንተ ድርሻ ወደ ገና ተዛውሯል።»